ይቺ 1909 ከየት መጣች?

የማስተርስ ቴሲሴን፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቴን፣ ዲፌንስ ባደረግኩበት ቀን የተጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ነበር። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ 23ኛውን ገጽ ገለጡ። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1909/10 ነው ብለሻል። ይቺ 1909 ከየት መጣች?»

መልስ አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሙቀቱ ከብዷል፣ ቬንትሌተሩ የሚያዞረው የሞቀውን አየር ነው። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። እዚሁ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የቴሲሴ ርዕስ ደግሞ የባቡር ሠራተኞችና የከተማዋ አስተዳደግ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. መሆኑን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። ታዲያ በገዛ እጄ 1909 ብዬ እንዴት ጻፍኩ?

ፈታኙ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «ከዚህ በፊት የፈተንኩት አንድ ቴሲስ ላይም ይቺው 1909/10 ነበረች። ከሷ ቀጥሎ ያለው አንቀጽም ካንቺ አንቀጽ ጋር አንድ ነው። ኮማው ሳይቀር።»

አማካሪዬ አንገታቸውን ደፉ። ዲፌንሱ እዚያው ላይ ቆመ። አስተካክዬ እንድመለስ ሦስት ወር ተሰጠኝ። ሊያባርሩኝም ይችሉ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ይህን የምጽፈው አሁን ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ፣ አሥር ፋይል ከፍቶ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየቀዳ ላለ ሰው ነው። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ነገሩ እንዴት እንደተፈጠረ ልንገራችሁ። ቴሲስ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ፍላሽ ይቀባበላል። ከኛ በፊት የተመረቁ ልጆች ቴሲሳቸውን ይሰጡናል፣ እኛም ከኛ በኋላ ለሚመጡት እንሰጣለን። ደግ ነገር ነው። እኔም እንዲህ የተሰበሰበ ሃያ የሚሆን ፋይል ነበረኝ። ማታ ማታ ልጆቼን አስተኝቼ አነባለሁ። ጥሩ ሐሳብ ሳገኝ ኮፒ አደርግና «ማስታወሻ» ብዬ በሰየምኩት አንድ የዎርድ ፋይል ውስጥ እለጥፈዋለሁ። ከየትኛው ቴሲስ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደወሰድኩት አልጽፍም። በኋላ አስታውሰዋለሁ ብዬ ነው። የራሴም ሐሳብ ሲመጣልኝ እዚያው ፋይል ውስጥ እጽፈዋለሁ።

ከአምስት ወር በኋላ ምዕራፍ ሁለትን ልጽፍ ስቀመጥ ፋይሉ አርባ ገጽ ደርሷል። የቱ የኔ ነው? የቱ የሰው ነው? መለየት አልቻልኩም። አንዳንዱን አንቀጽ ሳነበው የኔ መስሎኝ ደስ ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ግን አንዳንዱ የኔ አለመሆኑን አውቅ ነበር። እንግሊዝኛው ከኔ እንግሊዝኛ ይበልጥ ነበር። ጊዜ አጠረኝ፣ አለፍኩት። ስለዚህ «ሳላውቅ ነው» ብዬ አልጽፍም። ግማሹን ሳላውቅ፣ ግማሹን እያወቅኩ ነው።

ቴሲሱ መጀመሪያ ላይ የምንፈርምበት ገጽ አለ። ሥራው የራሴ ነው፣ የተጠቀምኩባቸውን ምንጮች በሙሉ ጠቅሻለሁ የሚል መሐላ ነው። ሁላችንም ከድሮ ቴሲስ ገልብጠን፣ ስም ቀይረን እንፈርማለን። እኔም ሳላነበው ፈረምኩ። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። አንድ ገጽ እንኳን አይሞላም።

ከዲፌንሱ በኋላ አንድ ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። ከዚያ ግን ያቺ 1909 እንቅልፍ ነሳችኝ። ከየት መጣች የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ሆነብኝ። መከታተል ጀመርኩ።

ፍላሹ ላይ ያለውን ቴሲስ ከፈትኩ። አንቀጹ ቁጭ ብሏል፣ ምንጭ አልተጠቀሰበትም። የጻፈውን ልጅ በጓደኛ በኩል ስልኩን አግኝቼ ደወልኩለት። መጀመሪያ ተደናገጠ። ልከሰው አለመሆኑን ሲረዳ አሰበና «አንድ የአማርኛ ቡክሌት ነበር መሰለኝ፣ ሐረር ያገኘሁት» አለኝ። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ሚኒባስ ይዤ ወጣሁ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ በመስኮት ቁልቁል እያየሁ ነበር። መኪናው እንኳን እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው የቀረው በዚህ ዳገት የተነሳ እንደሆነ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። የዚያን ቀን ግን በወገቤ አወቅኩት።

ሐረር አንድ ወዳጄ ቤት ቡክሌቱ ተገኘ። ቀጭን ናት፣ ሽፋኗ ለቋል። ገለጥኩ። «ባቡሩ በ1902 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ» ትላለች።

አያችሁ? ቡክሌቱን የጻፈው ሰው 1902ን ያገኘው ከፈረንጅ መጽሐፍ መሆን አለበት፤ ቁጥሩ በእነሱ አቆጣጠር ልክ ነውና። ግን እ.ኤ.አ. በማለት ፈንታ እንደ ልማዳችን ዓ.ም. ብሎ ጻፈ። ያ ልጅ ደግሞ ቡክሌቱን አምኖ፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉም ዘመኑን በጥንቃቄ ቀየረው። 1902 ዓ.ም. ሲቀየር 1909/10 ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ የተነሳበት ግን ስህተት ነው። እኔ ደግሞ እንዳለ ቀዳሁት። ባቡሩ በኛ ወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ዘገየ። ሦስታችንም የቀደመንን ሰው አልጠቀስንም። ቡክሌቱ መጽሐፉን ቢጠቅስ ልጁ ሄዶ ያየው ነበር። ልጁ ቡክሌቱን ቢጠቅስ እኔ ዓ.ም. የሚለውን አይቼ እጠረጥር ነበር። መንገዱ ስለተቆረጠ ማንም ወደ ኋላ መመለስ አልቻለም።

ምንጭ መጥቀስ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ የዚያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የመምህራን ጣጣ፣ የነጥብና የኮማ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ለሚከተለኝ ሰው መንገድ ምልክት እንደማቆም ነው የማየው። ከተሳሳትኩ ተከትሎ ሄዶ ያርመኛል።

ቡክሌቱ ሌላም ነገር አስተማረኝ። ልጁ «እኔ እኮ ተረጎምኩት እንጂ አልቀዳሁትም» ብሎኝ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ቴሲሳችን በእንግሊዝኛ ነው፣ ብዙ ጽሑፍ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ አለ። መተርጎም ቋንቋውን ይቀይራል እንጂ ሐሳቡን የናንተ አያደርገውም። ከአማርኛ የተረጎማችሁትንም ጥቀሱ። ትርጉሙ የናንተ ከሆነ «ትርጉም የኔ» ብላችሁ በግርጌ ጻፉ፣ ለትርጉሙ ጥራት ተጠያቂዎቹ እናንተ መሆናችሁ ይታወቃል።

አማካሪዬ ጋ ስመለስ አርባውን ገጽ አሳየኋቸው። አነበቡ አነበቡና «ይሄን ፋይል ዝጊው። አትክፈቺው» አሉኝ። «ሲጀመር የተበላሸው ስትጽፊ አይደለም፣ ስታነቢ ነው።» አባባላቸው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አዲስ ደብተር ገዛሁ። የወረቀት ደብተር። እያንዳንዱን ገጽ ስጀምር ላዩ ላይ የጸሐፊውን ስም፣ ርዕሱን፣ የታተመበትን ቦታና ዓመት፣ አሳታሚውን እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የምጀምረው። ቃል በቃል የገለበጥኩትን በትእምርተ ጥቅስ እዘጋለሁ፣ ገጹንም እዚያው እጽፋለሁ። በራሴ ቃል የጻፍኩትን ያለ ጥቅስ፣ ግን ገጹን ጨምሬ እጽፋለሁ። የራሴ ሐሳብ ሲመጣ በሌላ ቀለም «እኔ፦» ብዬ እጀምራለሁ። ሌላ ምንም ምስጢር የለውም። በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ዞቴሮ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ማስታወሻውንና ምንጩን አብሮ ይይዛል። እኔ ግን ደብተሩ ይሻለኛል፣ መብራትም ሲጠፋ ይሠራል።

ፎቶ ኮፒ ስታስነሱ የምትፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ አታስነሱ። የመጽሐፉን የውስጥ ርዕስ ገጽና ጀርባውን አብራችሁ አስነሱ። አሳታሚው፣ ከተማው፣ ዓመቱ፣ ስንተኛ ዕትም እንደሆነ እዚያ ነው ያለው። በስልክ ፎቶ የምታነሱም እንደዚሁ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ለአንድ ዓመተ ምሕረት ብዬ አዲስ አበባ ያለች እህቴን ቤተ መጻሕፍት ልኬያታለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ በራስ ቃል መጻፍ። አብዛኞቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። እኔ «ፓራፍሬዝ» ማለት ቃላቱን በሌላ ቃል መተካት ይመስለኝ ነበር። ምሳሌ ላሳያችሁ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ለዚሁ ብዬ ያዘጋጀኋቸው ናቸው። መጽሐፉ እንዲህ ይላል እንበል፦

«ሐዲዱን የሐረርን ተራራ ማስወጣት ከባድና ውድ በመሆኑ መስመሩ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ፤ በዚህም ምክንያት ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች።»

እኔ የማደርገው ይህን ነበር፦

«ሐዲዱን በሐረር ተራራ ላይ መዘርጋት አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለነበር መስመሩ በቆላው በኩል እንዲሄድ ተወሰነ፤ ከዚህም የተነሳ ድሬዳዋ የተባለች አዲስ ከተማ ተፈጠረች።»

ቃሉ ተቀይሯል። አጥንቱ ግን ያው ነው። የሐሳቡ ቅደም ተከተል፣ ማያያዣው፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ የሌላ ሰው ነው። ይሄ ምንጩ ቢጠቀስበት እንኳን ልክ አይሆንም፤ አንባቢው አገላለጹ የኔ ይመስለዋልና። ወይ ቃል በቃል ወስጄ በትእምርተ ጥቅስ መዝጋት፣ ወይ ከነአጥንቱ መለወጥ አለብኝ። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። አነባለሁ። መጽሐፉን እዘጋለሁ። ተነስቼ ሻይ እጥዳለሁ። ከዚያ ለባልደረባዬ እንደማስረዳ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦

«ድሬዳዋ ለምን እዚህ ተቆረቆረች ለሚለው ጥያቄ እገሌ የሚሰጠው መልስ ዳገቱ ነው። ሐረር ድረስ ለመውጣት ገንዘቡም አቅሙም አልፈቀደም ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ባቡሩ ያልደረሰለት የሐረር ነጋዴ ምን አደረገ?»

«እገሌ» በሚለው ቦታ የጸሐፊው ስም ይገባል፣ ከግርጌም ገጹ። ልብ በሉ፣ የሱ ሐሳብ የት እንዳበቃና የኔ የት እንደጀመረ ይታያል። በአንቀጹ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ለጥፎ መሄድ ብቻውን ይህን አያሳይም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው ወይስ አንቀጹ በሙሉ ነው የሱ? አንባቢው አያውቅም። ስለዚህ ስሙን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገቡት። ከጻፋችሁ በኋላ መጽሐፉን መልሳችሁ ክፈቱና አስተያዩ። ሳታስቡት የገባ የሱ ሐረግ ካለ በጥቅስ ዝጉት።

ሁሉም ነገር ምንጭ ይፈልጋል ማለት አይደለም። ድሬዳዋ ሞቃት ናት፣ የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፣ ከዚራ በአንድ በኩል መጋላ በሌላ በኩል ነው ለማለት ማንንም አልጠቅስም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ብዙ ሰው መግደሉን ሁላችንም እናውቃለን። ስንት ሰው እንደሞተ ቁጥር ልጻፍ ካልኩ ግን ከማን እንዳገኘሁት መናገር አለብኝ። ቁጥር፣ ክርክር ያለበት ነገር፣ የአንድ ሰው ትንታኔ ሁሌም ባለቤት አለው።

የስም ጉዳይ። ይሄ ለኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ጣጣ አለው። የፈረንጅ ስም የቤተሰብ ስም አለው። ሪቻርድ ፓንክረስት «ፓንክረስት» ተብሎ ይጠቀሳል። የኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም ነው። ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ መጻፍ አባቱን መጥቀስ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ባሕሩ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊዎች ልማድ «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ ሙሉውን መጻፍ፣ በፊደል ተራም በባሕሩ ማስገባት ነው። ችግሩ ሶፍትዌሩ ይገለብጠዋል። ዞቴሮ ላይ ስሙን በሁለት ሳጥን ሳይሆን በአንድ ሳጥን የምታስገቡበት ምርጫ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። አንዳንድ የውጭ ጆርናሎች ግን በአባት ስም ካልሆነ አይቀበሉም። ያኔ የነሱን ተከተሉ፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን። የኔ ዋቢ ዝርዝር ላይ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ገብቶ ነበር፣ አንዴ በራሱ ስም አንዴ በአባቱ። ፈታኙ ሁለት ሰው መስሏቸው ነበር።

የዘመን ጉዳይም አለ። የአማርኛ መጽሐፍ ላይ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ብቻ ነው የሚጻፈው። 1999 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ መስከረም ላይ ወጥቶ ከሆነ 2006 ነው፣ ሚያዝያ ላይ ከሆነ 2007። ወሩን ካላወቃችሁ አትገምቱ። ወይ «1999 ዓ.ም.» ብላችሁ እንዳለ ተዉት፣ ወይ «2006/07» በሉ። ከሁሉ በላይ ግን ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. የሚሉትን ፊደሎች አትርሱ። እኔን ያዋረደኝ የእነዚህ ፊደሎች መሳት ነው።

ፈታኙ የጠየቁኝ ሁለተኛ ጥያቄም ነበር። «ፈረንሳይኛ ታነቢያለሽ?» አሉኝ። አላነብም። ታዲያ ዋቢ ዝርዝሬ ውስጥ አራት የፈረንሳይኛ መጻሕፍት ነበሩ። ከሌላ ሰው ዝርዝር ላይ አንስቼ ነው ያስገባኋቸው። ቴሲሱን ያከብደዋል ብዬ። ይሄ ውሸት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ አነበብኩ አትበሉ። ሐሳቡ በጣም ካስፈለጋችሁና ዋናውን ማግኘት ካልቻላችሁ፣ ያገኛችሁበትን መጽሐፍ ጥቀሱና «እገሌ፣ በእገሌ ውስጥ እንደተጠቀሰው» በሉ። ያሳፍራል ብላችሁ አታስቡ። ፈታኝ የሚያከብረው እንደዚህ የሚጽፍን ተማሪ ነው። አራቱን መጻሕፍት አወጣኋቸው፣ ዝርዝሬ አጠረ፣ ቀለለኝ።

ታሪክ ክፍል የምንጽፍ ሰዎች በግርጌ ማስታወሻ ነው የምንጠቅሰው። ከ«ኢቢድ» ተጠንቀቁ። ኢቢድ ማለት ከላይ የተጠቀሰው ምንጭ ማለት ነው። አንቀጽ ቆርጣችሁ ወደ ሌላ ገጽ ስትወስዱ ኢቢዱ አብሮ ይሄዳል፣ ላዩ ያለው ምንጭ ግን ሌላ ይሆናል። ሳታስቡት የአንዱን ሐሳብ ለሌላው ትሰጣላችሁ። ረቂቅ ላይ እያላችሁ የጸሐፊውን ስምና የርዕሱን አጭር መጠሪያ ሁልጊዜ ጻፉ። ኤፒኤ በሚባለው የአጠቃቀስ ስልት የምትጽፉ ደግሞ ቃል በቃል ስትወስዱ ገጽ አትርሱ፣ ጥቅሱ 40 ቃልና ከዚያ በላይ ከሆነ ለብቻው ወደ ውስጥ ገብቶ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ይጻፋል።

ጽሑፋችንን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያስተያየውን፣ ተርኒቲን የሚባለውን ማሽን ሁሉም ይፈራዋል። መጀመሪያ የገባው ሥራዬ 41 በመቶ አለ። የተስተካከለው 17። ግን ቁጥሩን ብቻ አትዩ። ማሽኑ የሚያሳየው ተመሳሳይነትን ነው፣ ስርቆት መሆን አለመሆኑን አይፈርድም። ከ17ቱ አብዛኛው የዋቢ ዝርዝርና በአግባቡ የተዘጋ ጥቅስ ነበር። በሌላ በኩል 5 በመቶ ያለው ሥራ ሙሉ በሙሉ ከአማርኛ መጽሐፍ የተተረጎመ ሊሆን ይችላል። በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በወረቀት ብቻ ያለን ቴሲስ ማሽኑ አያውቀውም። እኔን የያዘኝ ማሽን አልነበረም፣ ያነበቡ ሰው ናቸው።

ባልደረቦቼ ስለ ቻትጂፒቲም ይጠይቁኛል። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ምንጭ ስጠኝ ስትሉት የሌለ መጽሐፍ፣ የሌለ ገጽ፣ እውነተኛ ከሚመስል ደራሲ ስም ጋር ሊሰጣችሁ ይችላል። በእጃችሁ ያልያዛችሁትን፣ ከፍታችሁ ያላያችሁትን ምንጭ ቴሲስ ውስጥ አታስገቡ። የተቋማችሁን ደንብም ጠይቁ፣ ከተጠቀማችሁ ተናገሩ።

አሁን ደግሞ በጣም የሚከነክነኝን ልንገራችሁ። የቃል ምንጭ።

ለገሀሬ አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ አሉ። ድሬ ላይ ለአዛውንትም «አንተ» ማለት ነውር አይደለም፣ እኔም ፊት ለፊት ስናወራ «አንተ» ነው የምላቸው። ስጽፍ ግን አላስችል ይለኛል፣ «እሳቸው» እላለሁ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢያቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠን አጫውተውኛል። ስለ ወርክሾፑ፣ ስለ ደመወዝ ቀን፣ ፈረንሳይኛ ከአለቆቻቸው ጋር እያወሩ እንዴት እንደለመዱ። ከቴሲሴ ውስጥ ሰው ወደደልኝ የምለው ክፍል ሁሉ ከሳቸው የመጣ ነው።

በመጀመሪያው ቴሲስ ላይ ስማቸው የለም። «እንደሚነገረው» ብዬ ነው የጻፍኩት። «አንዳንድ አዛውንቶች እንደሚሉት» ብዬ ነው ያለፍኩት። ከመጽሐፍ የወሰድኩትን አለመጥቀሴ ጥፋት መሆኑን ፈታኙ ነገሩኝ። ይህኛውን ግን ማንም አልነገረኝም። ማሽንም አይዘውም። አማካሪዬ ጋ ተቀምጬ ስለ ጥቅስ ስናወራ በድንገት እኒያ ሰውዬ ትዝ አሉኝና ፊቴ ጋለ። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ስሙ ሽፋን ላይ አለ፣ እኔ ባልጠቅሰውም ሌላ ይጠቅሰዋል። እሳቸው ግን በኔ በኩል ካልታወቁ በማን በኩል ይታወቃሉ?

ተመልሼ ሄድኩ። ሙሽበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዤላቸው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳቁ።

«አቦ፣ ለዚህ ነው እንዴ ፊትሽ የጠቆረው?»

«ስምህን ልጻፈው? ትፈቅዳለህ?»

«ያልኩት እውነት ነው። እውነት ከሆነ ስሜን ምን አስፈራሽ? ጻፊው።»

ሁሉም ሰው እንዲህ አይልም። አንዲት እናት ስማቸው እንዳይጻፍ ለምነውኛል፣ በተለዋጭ ስም ነው ያስገባኋቸው፣ ምክንያቱንም በግርጌ ገልጫለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ። በታሪክ ትምህርት ክፍል ልማዱ መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ማውጣት ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ ስለ ሰውየው አጭር ማብራሪያ። ቀኑን የዚያኑ ዕለት መዝግቡት። እኔ አንዱን ቀን ከስልኬ ቅጂ ላይ ነው ፈልጌ ያገኘሁት። በኤፒኤ የምትጽፉ ደግሞ ለጥናታችሁ ያነጋገራችኋቸውን ሰዎች በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አታስገቡም፣ ሰዎቹን በዘዴ ምዕራፋችሁ ታስተዋውቃላችሁ፣ ቃላቸውን በግኝት ምዕራፍ ውስጥ ታቀርባላችሁ። ክፍላችሁ የቱን እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ተመለስኩ። ያው ክፍል፣ ያው ቬንትሌተር። ፈታኙ 23ኛውን ገጽ ገለጡ። አሁን 1902 ይላል። ከሥሩ ያለው የግርጌ ማስታወሻ ግማሽ ገጽ ይሆናል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ፣ በስንት እጅ እንዳለፈ፣ በመጨረሻ የኔም እጅ እንዳለበት ጽፌበታለሁ። የልጁን ስም አላነሳሁም። ፈታኙ አንብበው ሲጨርሱ «ይቺ የግርጌ ማስታወሻ ትቆይ» አሉ። አለፍኩ።

ከተጠረዘ በኋላ አንዱን ቅጂ ለሰውየው ወሰድኩላቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ፈረንሳይኛ ነው የሚችሉት። ግን የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ያለበትን ገጽ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ስማቸውን አገኙት። ጣታቸውን እያስኬዱ እስከ መጨረሻው ሄዱና ቆሙ።

«እዚህ ላይ ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«ጡረታ የወጣ መካኒክ።»

«መካኒክ አይደለሁም። ቶርኒተር ነኝ፣ ብረት በማሽን የምቀርጽ።»

ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። መካኒክ የሚለውን ሰረዝኩ፣ ከላዩ ቶርኒተር ብዬ ጻፍኩ። ማታ ቤት ገብቼ ፋይሉ ላይም አስተካከልኩት፣ ሰኞ ጠዋት የታረመውን ገጽ ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ።